በነጭ ቀለም የተሰመረው ቡሎን

ጠዋት ጠዋት፣ ሴት ልጁ ሄልሜቷን ከማጥለቋ በፊት፣ አናጢው ወደ ግቢው ይወጣና ከቀይዋ ሞተር ሳይክል አጠገብ በአንድ ጉልበቱ ይንበረከካል። ጉልበቱ ቋ ሲል ይሰማል። የቀኝ እጁን አውራ ጣት በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ያደርግና፣ ከፊተኛው ጎማ ኋላ ሞተሩን ከአካሏ ብረት፣ ከሻንሲው ጋር ጠርንፎ የያዘውን ወፍራም ቡሎን ይዳብሳል። በቡሎኑ ጫፍ ካለው ማጥበቂያ ዳዶ ተነስታ ወደ ብረቱ የምትሻገር፣ ከክብሪት እንጨት የማትበልጥ ነጭ የቀለም መስመር አለች። ጣቱን ከዳዶው ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ዳዶው ያመላልሳል። መስመሯን ሳትሰበር ቀጥ ብላ ካገኛት ተነስቶ «ሂጂ» ይላል።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ በመስኮት ታየዋለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔን እንዲህ ዳብሶኝ አያውቅም» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን ለክሯ። ልጅቷ ትስቃለች። አናጢው ግን አይስቅም።

ጎረቤት የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ሰውዬው ቡሎን መዳበስ ለምዶበታል፣ እድሜ ነው፣ ይላሉ። እድሜ አይደለም። ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም የተወለደበት ቀንና ቦታ አለው፤ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ግቢ፣ ከዚችው ቀይ ሞተር ሳይክል አጠገብ።

አናጢው በር ሠሪ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት በርና መስኮት ሠርቷል። የሠራው በር በአንድ ጣት ተገፍቶ ይዘጋል፤ ሲዘጋም እፍ ከማለት ሌላ ድምፅ የለውም። እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ተለይቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ፀጉሩን ታጥቦ ሲወጣ እንኳ እርሳሱ እዚያው ነበር ብላ ሚስቱ ትምላለች። ሁለት እንጨት ሊያጋጥም ሲል ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገር አንዲት መስመር ያሰምርባቸዋል፤ ኋላ ሲላቀቁ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበረ ያ መስመር ይነግረዋል። እንቢ ያለ እንጨት እንዴት እንደሚባበልም ያውቃል። ትንሽ ሳሙና ያስነካዋል፣ ትንሽ በመላጊያ ይልገዋል፣ ከዚያ በእንጨት መዶሻ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። «እስካሁን ያልሰማኝ እንጨት የለም» ይላል። እውነቱን ነው።

ልጁን «ሽቦ» ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ናት፤ ስትታጠፍ እንጂ ስትሰበር አይቷት አያውቅም። ሥራዋ ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና በበረዶ ሳጥን እየሰበሰበች ከከተማው ማዶ ላለው ላብራቶሪ ማድረስ ነው። ቀይዋ ሞተር ሳይክልም የሥራዋ እግር ናት። እቤት ውስጥ «ቀይዋ» ብቻ ነው የምትባለው፣ እንደ አንድ የቤተሰብ ሰው። አናጢው በቀይዋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከልጁ ጋር ያለው ውል አንድ ነው፤ እየነዳች ስልክ አታነሳም። ማንም ይደውል ማን፣ እሱም ቢሆን። በእናቷ ስም አስምሏታል።

ከዚያ እሁድ ሦስት ሳምንት በፊት ሽቦ ወደቀች። ዝናብ ያረጠበው መታጠፊያ ላይ ጎማው ሸርተት አለባትና ቀይዋ በጎኗ ተጋደመች። የተላጠ ጉልበትና የተቀደደ ሱሪ፣ ከዚያ ሌላ ምንም። እሷ እቤት ስትገባ ስለ ወደቀችበት ኩሬ እየቀለደች ነበር። አባቷ ግን ጉልበቷን አየ። ቆዳው ተገፎ ቀዩ ሥጋ ሲታይ፣ አሸዋው ከውስጡ ሲያብለጨልጭ። እናቷ በጨውና በሞቀ ውኃ ስታጥብላት እሱ ወደ ግቢ ወጥቶ ያልተጣመመ ጣውላ ማቃናት ጀመረ።

ሽቦ ራሷ ናት መፍትሔውን ያመጣችው። በካርቶን የተጠቀለለ መከላከያ ብረት ገዝታ ገባች፤ ከሞተሩ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ክርን ወጣ ብሎ የሚቆም የታጠፈ ቱቦ። ስትወድቅ መሬቱን የሚነካው ቱቦው እንጂ እግሯ አይሆንም።

«እሁድ መካኒኩ ጋ ወስጄ አስገጥመዋለሁ» አለች።

«እኔ እያለሁ?» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ እሱ የዕለት ሥራው ነው እኮ።»

«ሁለት ቡሎን ፈትቶ ሁለት ቡሎን ማሰር ነው። ስንት ሺህ ማጠፊያ በር ላይ የሰቀልኩ ሰው፣ የልጄን ብረት ሌላ ሰው ይሰር?»

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «እመቤት ሽቦ፣ ተይው ይሥራው። ካልሠራ ሳምንቱን ሙሉ እኔ ላይ ነው የሚያኮርፈው።»

ሽቦ ሳቀች፣ ቁልፉን ሰጠችው። ነገሩ ለአናጢው ከብረት በላይ ነበር። ጉልበቷን ካየ ወዲህ ሆዱ ውስጥ የገባውን ነገር የሚያወጣው በገዛ እጁ አንድ ነገር ሲያደርግላት ብቻ መስሎታል። በእሷና በመንገዱ መካከል የራሱን እጅ ሊያኖር ፈለገ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሽቦ ፀጉሯን ልትሠራ ጓደኛዋ ቤት ሄደች። አናጢው ጠረጴዛውን ወደ ግቢ አወጣና የቡሎን መፍቻዎቹን፣ ኪያቤዎቹን፣ ደረደረበት። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው፤ የሰው ቤት ጠረጴዛ ሲያቃና የራሱ ሳይቃና ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከካርቶኑ ውስጥ ስምንት ሥዕል ያለበት የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ጽሑፉ በማያውቀው ቋንቋ ነው። አገላብጦ አየው፣ ደግሞ አጣጠፈውና ከአጭሩ እግር ሥር አስገባው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ነበር። ሞተሩን ከፊት በኩል የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። እያንዳንዱ ከአንዱ ጎን ገብቶ ሻንሲውንና ሞተሩን አቋርጦ በሌላው ጎን ይወጣል፣ እዚያ ዳዶ ይጠብቀዋል። መከላከያው ብረትም በእነዚሁ ቡሎኖች ነው የሚታሰረው። አናጢው ሁለቱንም ፈታ። ሁለቱንም መዞ አወጣ። ለብረቱ ቦታ ለመልቀቅ ብሎ ነው፤ በር የሚሰቅል ሰው መቃኑን አስቀድሞ ባዶ ያደርጋል።

ሁለተኛው ቡሎን ሲወጣ ቀይዋ ተነፈሰች። እሱ እንዲያ ነው የሚለው፤ «እህ አለች፣ ሰው እንደሚቀመጥ።» ሞተሩ ያንን ሁሉ ክብደቱን ይዞ የጥፍር ውፍረት ያህል ዝቅ አለ። አናጢው ሰማ፣ ግን አላሰበበትም።

ብረቱን ቦታው ላይ ደቀነ። የታችኛውን ቡሎን አስገባና እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ከዚያ የላይኛውን አስገባ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። አወጣው፣ ደግሞ አስገባው። እዚያው ቆመ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳው አጮለቀ። በማዶ በኩል ሙሉ ጨረቃ መታየት ሲገባት ቀጭን የጥፍር ቁራጭ የምታህል ብርሃን ናት የምትታየው። ቀዳዳዎቹ ተላልፈዋል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆም ነበር። አናጢው ግን እንቢታን የሚያውቀው ከእንጨት ነው። ቤት ገብቶ ሳሙና አመጣ። ቡሎኑን ሳሙና ቀባው። የእንጨት መዶሻውን አንስቶ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አደረገው። ቡሎኑ ገባ። እየጮኸ ገባ፤ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ጩኸት። በማዶ ብቅ ሲል የቡሎኑ ጥምዝ ጥርስ ላይ የብረት ብናኝ እንደ ብር አቧራ ተለጥፎ ነበር። አናጢው በጣቱ ጠረገው። ዳዶውን አጠለቀለት። ዳዶው ትንሽ ጋደል ብሎ ነበር የያዘው፤ በኪያቤ አስገደደው። አንድ ዙር፣ ከባድ። ሁለት ዙር፣ ከባድ። ሦስተኛው ላይ በድንገት ልስልስ አለ።

ሊጠብቅ ሲገባው ላላ። አናጢው ኪያቤውን ዞር አደረገ፤ ዳዶው አብሮት ዞረ። ደግሞ አዞረው፣ ዞረ። እንደ ሕፃን የወተት ጥርስ በቦታው ላይ ይንቀሳቀሳል እንጂ አይነክስም። የዳዶው ጥርስ ተበልቷል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራ እጁ ይህን ወዲያው አወቀ፣ አእምሮው ገና «ምናልባት» እያለ ሳለ።

የግቢው በር እፍ ብሎ ተከፈተ። ራሱ የሠራው በር ነው፤ አያስጠነቅቅም።

«አባዬ! ወይኔ፣ እንዴት ያምራል!» ሽቦ አዲስ የተሠራ ፀጉሯን ይዛ ብረቱን ዞረችው። በእግሯ ጫፍ መታ አደረገችው፤ አልተነቃነቀም፣ የታችኛው ጠብቋልና። «አለቀ?»

ያኔ አፉ ውስጥ ሁለት ቃል ነበር፤ «አለቀ» እና «አላለቀም»። ዓይኗ ደስ ብሎት ነበር። ሚስቱ በመስኮት ታያለች። ኪያቤው እጁ ላይ ነው።

«አለቀ» አለ።

ሽቦ ወደ ቤት እንደገባች የበር ቀለሙን ጣሳ ከፈተና በቀጭን ብሩሽ ከዳዶው ወደ ብረቱ አንዲት ነጭ መስመር አሰመረ። ለራሱ የነገረው እንዲህ ነው፤ መስመሯ ካልተሰበረች ዳዶው አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው፣ ነገ ማታ አያታለሁ፣ ከተሰበረች እነግራታለሁ። የነገ ቀን በመካከል እንዳለ፣ በዚያም ቀን ውስጥ ረጅም ቁልቁለት እንዳለ ላለማሰብ የቀለሙን ጣሳ ክዳን ሦስት ጊዜ ጠቀጠቀው።

ሰኞ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ግቢ ነበር።

«ሽቦ።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«...ቀስ በይ እሺ።»

«ሁልጊዜ ቀስ ነው የምለው።» ሄልሜቷን አጠለቀች።

«ሽቦ።»

«አሁን ደግሞ ምን?»

«ምንም። የበረዶ ሳጥኑን በደንብ አስረሽዋል?»

«አባዬ፣ በብረቱ ብትጨነቅ ይሻላል፣ ሳጥኑን እኔ አውቅበታለሁ» ብላ ሳቀችበት፣ ወጣችም። ድምፅዋ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆመ። ከጠፋ በኋላም ቆመ።

ሻይ ሲቀርብለት ስኳር ያልገባበትን ብርጭቆ በማንኪያ ሲያማስል ሚስቱ አየችው። «አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ሆዴን ትንሽ።»

«ሆድህ ነው ግቢውን የሚያስዞርህ?»

ስልኩን አውጥቶ የሽቦን ቁጥር ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሞ ደወለ። ሁለተኛው ሲጠራ አንድ ሐሳብ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ አንገቱ ላይ ፈሰሰበት፤ ይሄኔ እየነዳች ነው። አባቷ ሁለት ጊዜ ሲደውል «ቤት አንድ ነገር ሆኗል» ብላ መሐላዋን አፍርሳ አንድ እጇን ከመሪው ብታነሳስ? ስልኩን እንዳቃጠለው ነገር ዘጋው። የሚነግራት ነገር ራሱ ሊጥላት ይችላል። በገዛ መሐላው አፉ ታስሯል።

ኮቱን አንስቶ ወጣ።

የመካኒኩ ሱቅ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። መካኒኩ መነጽሩን በጎማ ክር ከጆሮው ያሰረ፣ ሲሠራ ለሞተሮች የሚያንጎራጉር ሰው ነው። አናጢውን ሲያይ ብድግ አለ። «ጋሼ! ዛሬ ከየት ተገኙ? የሱቄ በር ተበላሸ እንዳይሉኝ፣ እርስዎ የሠሩት ነው።»

«በሩ ደህና ነው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ የማውቀው ሰው አለ...»

«እሺ።»

«የሞተር ሳይክል መከላከያ ብረት ሲያስር፣ ሁለቱን ቡሎን ባንድ ላይ ፈታቸው።»

«ሁለቱንም?» መካኒኩ ቅንድቡ ከመነጽሩ በላይ ወጣ። «ሞተሩን ከሥር በክሪክ ደግፎ?»

«ሳይደግፍ።»

«ታዲያ ሞተሩ ይወርዳላ።»

«ወረደ። ከዚያ የታችኛውን አጠበቀና የላይኛው ቡሎን አልገባ ሲለው... በመዶሻ አስገባው።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረግ አቆመ። «ጋሼ፣ እዚያ ቦታ መዶሻ አይገባም። ሁሉም ቡሎን መጀመሪያ በጣት ነው የሚገባው፣ ማጥበቁ ኋላ ነው። በጣት ካልገባ ቀዳዳው አልተገጣጠመም ማለት ነው። ዳዶውስ?»

«ይዞራል። አይጠብቅም።»

«ያን ሞተር ማን ነው የሚነዳው?»

«ልጁ።»

«ይሄ ሰውዬ ልጁን ይጠላል እንዴ?»

መካኒኩ እንደ ዋዛ ያለውን ሊስቅበት ብሎ ቀና ሲል ከፊቱ የቆመውን ፊት አየ። መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ። ሽቦ የት ነው ያለችው?»

«መንገድ ላይ ናት። አራት ሰዓት ላይ ላብራቶሪ ትደርሳለች። ስልክ አታነሳም፣ እኔ ነኝ አታንሺ ያልኳት።»

«በየት ነው የምትሄደው?»

«በቁልቁለቱ።»

መካኒኩ ከመደርደሪያው አዲስ ቡሎንና ዳዶ አንስቶ ኪሱ ከተተ፣ ሁለት ኪያቤ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ሱቁን ገርበብ አደረገ። ኋላ ሲጠየቅ «ለምን እንደሚፈታ ሱቁ ውስጥ ብነግራቸው ኖሮ እዚያው ይወድቁብኝ ነበር» ብሏል። መንገድ ላይ ግን አናጢው ጠየቀውና ነገረው፤ ንዝረት ነው የሚፈታው፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲያጓራ። ቡሎኑ ከወጣ ብረቱ ወደ ፊት ጎማው ሊያጋድል ይችላል። ጎማው በብረት ከተያዘ...

«በቃ» አለ አናጢው። «በቃ፣ ገባኝ።»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ነበር። የመካኒኩን ወገብ በሁለት እጁ ጠፍንጎ፣ ፊቱን በዘይት የሸተተ ጀርባው ላይ ለጥፎ። ንዝረቱ ከመቀመጫው በአከርካሪው ወጥቶ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዷን ንዝረት ቆጠራት። ይህቺ አንዷ ናት፣ እያለ አሰበ፣ ይህቺ አንዷ ዳዶውን በፀጉር ያህል ታዞራለች። ይህቺ ደግሞ በፀጉር ያህል። የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ይሁን እሱ መለየት አቃተው።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ መካኒኩ ፍሬን ያዘ። ታች፣ ድልድዩ ጋ ሰው ተሰብስቧል። መኪኖች ቆመዋል። በሰዎቹ እግር መካከል መንገዱ ላይ አንድ ቀይ ነገር ተዘርግቷል።

አናጢው ከሞተሩ እንዴት እንደወረደ አያስታውስም። የሚያስታውሰው እግሩ ሲሮጥ ነው፤ ቁልቁለቱ ራሱ ይወስደው ነበር፣ ጫማው ጠጠር ላይ እየተንሸራተተ። ከጆሮው ጀርባ እርሳሱ ወደቀ። አፉ አንድ ቃል ብቻ ይደጋግም ነበር፣ «ሽቦ» ሳይሆን «አለቀ»፣ «አለቀ»፣ «አለቀ»፤ እሁድ የነገራት ቃል ምላሱ ላይ ተጣብቆ። አንዲት ሴት በክርኑ ገፍቶ አለፈ። አንድ ሰውዬ ሰደበው። መሐል ደረሰ።

ቲማቲም ነበር። የጋሪ ጎማ ተሰብሮ አምስት ሳጥን ቲማቲም አስፋልቱ ላይ ተንከባሏል። ባለጋሪው ቁጭ ብሎ ያልፈረጡትን ይለቅማል፣ ሾፌሮች ጡሩምባ ይነፋሉ። አናጢው በቲማቲሙ መካከል በሁለት ጉልበቱ ወደቀ።

«አባት፣ አይልቀሙት፣ ቆሽሿል» አለው ባለጋሪው። «ለምን ያለቅሳሉ? የእኔ ነው እኮ።»

መካኒኩ ደርሶ በብብቱ ያዘና አነሳው። ሞተሩ ላይ መልሶ አስቀመጠውና ቀሪውን መንገድ ነዳ።

ከላብራቶሪው ጓሮ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር ቀይዋ ቆማ ነበር። ሽቦም ኮርቻዋ ላይ በጎን ተቀምጣ ከላስቲክ ኩባያ ሻይ ትጠጣለች። አባቷን በሞተር ሳይክል ላይ፣ መካኒኩን እንደ ሕፃን አቅፎ ስታይ ሻዩ ትን አላት። «አባዬ! በሞተር? ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች...» ከዚያ ሱሪው ጉልበት ላይ ያለውን ቀይ አየች። «ደም ነው? ምን ሆንክ?»

አባቷ ከቀይዋ አጠገብ ተንበረከከ።

ነጯ መስመር ተሰብራለች። ብረቱ ላይ ያለው ግማሿ እንዳለ ነው፤ ዳዶው ላይ ያለው ግማሿ ዞራ ወደ ታች ትመለከታለች። ዳዶው ራሱ ከብረቱ ተላቆ ወደ ቡሎኑ ጫፍ ሄዷል። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ያዘው። ኪያቤ አላስፈለገውም። እንደ ጠርሙስ ክዳን አዞረና አወጣው፣ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለሽቦ አሳያት።

«በዚህ ነው ቁልቁለቱን የወረድሽው» አላት።

ሽቦ ዳዶውን አየች፣ ብረቱን አየች፣ አባቷን አየች። ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ በጣም በጥንቃቄ፣ እንዳይደፋ። ከዚያ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት "አለቀ" ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

አባቷ መለሰላት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

መካኒኩ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለቅሶውን ኋላ። መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳ። ክሪኩን ረስቼዋለሁ፣ ምን እናድርግ?»

ያኔ ነው አናጢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለው። ግንቡን ተደግፎ የተሰባበረ የዕቃ ሳጥን ነበር። ሁለት ቁራጭ ጣውላ ነቀለ፣ እግሩ መካከል ያዛቸውና ከኪሱ ባወጣው ካራ ይልጋቸው ጀመር። ሁለት ሽብልቅ፣ በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው እንደ ምላጭ ስስ። በር ከመቃኑ ሲወርድ የሚያነሳው በእነዚህ ነው፤ ፊት ለፊት ተገፍተው አንዱ በአንዱ ላይ ሲንሸራተት ዕቃ በፀጉር ያህል ከፍ ይላል። መካኒኩ የታችኛውን ቡሎን አላላ። አናጢው ድንጋይና ሽብልቆቹን ከሞተሩ ሥር አስገባና በመዳፉ ገፋ ገፋ አደረጋቸው።

«በቀዳዳው እዪ» አላት ሽቦን። «ስንት ብርሃን አለ?»

«ቀጭን። እንደ ጥፍር።»

ገፋ።

«ግማሽ።»

ገፋ። ሞተሩ እህ አለ፣ እንደሚነሳ ሰው።

«ሙሉ ሆነ! አባዬ ቁም፣ ሙሉ ክብ ነው።»

«በጣትሽ አስገቢው» አላት መካኒኩ፣ አዲሱን ቡሎን ሰጥቷት። «ካልገባ አትግፊው።»

ገባ። በአንድ ጣት ተገፍቶ፣ እፍ እንደሚል በር፣ እስከ ማዶ አለፈ። አናጢው ይህን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ። እሁድ የጎደለው ይህቺው ብቻ ነበረች፤ ከሥር አንድ ነገር ደግፎ፣ ብርሃኑ እስኪሞላ መታገስ።

እቤት ሲመለስ የታጠፈውን ወረቀት ከጠረጴዛው እግር ሥር ጎትቶ አወጣው። አራተኛው ሥዕል ላይ ከሞተሩ ሥር መደገፊያ፣ ከመደገፊያው በላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት። ሕፃን የሚገባው ሥዕል ነበር። ወረቀቱን ከመላጊያዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ በሚስማር መታው። ጠረጴዛው ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተንገዳገደ ነው። ሚስቱ ሾርባ በፈሰሰባት ቁጥር «የበር ሊቅ» ትለዋለች፣ እሱም ጠረጴዛውን በሌላ በምንም ነገር አልደገፈውም።

አዲሱ ዳዶ ላይ አዲስ መስመር ተሰምሯል። መካኒኩ «ጋሼ፣ ይሄ ዓመት አይፈታም፣ እኔ ልሙት» ብሎ ምሎለታል። በየጠዋቱ ግን ጉልበቱ ቋ ይላል፣ አውራ ጣቱ ከዳዶው ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሽቦ ከወጣች በኋላ እስከ አራት ሰዓት ድረስ መጋዝ አይነካም፤ እጁን አያምነውም። አራት ሰዓት ላይ «ደረስኩ» የሚል መልእክት ይመጣል። ያኔ እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ ያወርዳል፣ የቀኑንም የመጀመሪያ መስመር ያሰምራል።

ይህን ሁሉ ለእኔ፣ ለጸሐፊዋ፣ ሲነግረኝ ምንም አልደበቀም፤ ሳሙናውን፣ መዶሻውን፣ ቲማቲሙን፣ ለቅሶውንም ቢሆን። አንዱን ብቻ «እሱን ተይው፣ ልጄ» ብሎኝ ነበር። በላብራቶሪው ጓሮ ሽቦ «ታውቅ ነበር?» ስትለው የመለሰላትን፤ ያንን አብሯቸው የነበረው መካኒኩ ነው የነገረኝ።

«ኧረ አላወቅኩም፣ ሽቦዬ» ነበር ያላት። «ዛሬ ጠዋት ነው የገባኝ።»